ተከራዬ እግሬን ያሰረ ቀን

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቴ አንዷን ክፍል ከደብረ ብርሃን ለመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባከራየሁ በሦስተኛው ቀን የሆንኩትን ልንገራችሁ ልጆቼ። ጎረቤቴ ፋጡማ፣ «አቦ፣ የማታውቂውን ወንድ አስገብተሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብላ ስታስፈራራኝ ነው የሰነበተችው።

እንቅልፉስ ወሰደኝ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ያ የድሬ ሙቀት ሲበረታ፣ እንደ ልማዴ ሳሎን ሲሚንቶው ላይ ውሃ ደፋሁና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። እኛ እዚህ ቀትርን የምናሳልፈው እንዲህ ነው፤ የደጋ ሰው አያውቀውም።

«እማማ፣ እማማ» ሲለኝ ነቃሁ። ተከራዬ ነው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የፋጡማ ነገር ትዝ አለኝና ዓይኔን ሳልገልጥ ዝም አልኩ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፍንጫዬ ላይ ሲያስጠጋ፣ እኔ ደግሞ በፍርሃት ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ። ከዚያ እግሬ ሥር ተንበረከከና፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አጋጥሞ በክር ጥፍር አድርጎ አሰራቸው። በቃ፣ አስሮ ሊያርደኝ ነው አልኩ። በልቤ ማርያምን እየጠራሁ ስጠብቅ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረገና እየሮጠ ወጣ።

ልጮህ አፌን ስከፍት፣ በር ላይ ሆኖ በለቅሶ ቀደመኝ።

«እትዬ ፋጡማ፣ ኧረ ድረሱልኝ፣ እማማ አረፉ። እግራቸውን ገንዣለሁ፣ ለእጃቸው ክር አነሰኝ።»