ቅቤ የተቀባው ግራር

በቀደም ከአዳማ ወደ ባቱ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፀጉራቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ቅቤውን ስታቀልጠው ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ሰው ቅቤ ሲሸተው እናቱን ያስባል፤ እኔ ግን ዕድሌ ሆኖ በልጅነቴ ሐይቁ ዳር የነበረ አንድ ግራር ነው የሚታየኝ።

ያኔ ባቱን ዝዋይ ነበር የምንላት። አባቴ የክሊኒኩ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ጴንጤ ነው፤ ደርግ ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ እሁድ ጠዋት መሄጃ አጥቶ እኔን አስከትሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ደንገሉ አጠገብ ቁጭ ብለን ወፍ እናያለን። በአንድ ትልቅ ግራር ጫፍ ላይ ሁለት ዓሣ አዳኝ ንስሮች ጎጆ ሠርተው ነበር። ነጭ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀልሰው ሲጮኹ ድምፃቸው ውሃው ላይ ርቆ ይሄዳል፤ አባቴም "ይኸው መዝሙሩ ተጀመረ" ይል ነበር። በዚያ ዓመት አንዲት ጫጩት ፈለፈሉ።

ምን ዋጋ አለው፣ ከሰል አክሳዮች ዳር ዳሩን እየጨፈጨፉ መጡ። አባቴ ቀበሌ ሄዶ አመለከተ፤ ሳቁበት። አክሳዮቹን ራሳቸውን ለመናቸው፤ "ዶክተር፣ ልጆቻችንን ንስር ያብላልን?" አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ዘመኑ ክፉ ነበር። እሱም የፈለገው ጫጩቷ ክንፍ እስክታወጣ እንዲታገሡት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ከእናቴ ጓዳ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ ወጣ። በእኛ አገር ቅቤ የተቀባ ዛፍ አድባር ነው፤ ማገዶ ያጣ ሰው እንኳ ቅርንጫፉን አይሰብርም። አባቴ ደግሞ ይህን ልማድ ዕድሜውን ሙሉ ጣዖት ነው እያለ ሲነቅፍ የኖረ ሰው ነው። ግንዱን ሲቀባ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። "ጌታ ልቤን ያውቃል" አለ፣ እጁን በሣር እየጠረገ።

ቅቤው ሠራ። አክሳዮቹ ግራሩን ዞረው አለፉ። ግን ነገር መች በዚያ ይቆማል? የሰፈሩ ሴቶች ቅቤውን አይተው እርጥብ ሣር ይዘው መምጣት ጀመሩ። ልጅ ያጣችውም፣ ባሏ የዘመተባትም ትቀባለች። ግንዱ ከሩቅ ያብለጨልጭ ጀመር። አባቴ እንቅልፍ አጣ፤ ተዉ እንዳይላቸው ዛፉ ይቆረጣል፣ ዝም እንዳይል ጣዖቱን ያቆመው እሱ ነው።

ወሬው የቀበሌው ካድሬ ጆሮ ገባ። አጉል እምነትን ከሥሩ እንነቅላለን ተብሎ አንድ እሁድ ቀበሌው በሙሉ ለዘመቻ ወጣ። ካድሬው ሰዉን በዓይኑ ሲያስስ አባቴን አገኘው።

"ጓድ ድሬሰር፣ እናንተ ጴንጤዎች ጣዖት አትወዱም አሉ። በል፣ የመጀመሪያውን አንተ።"

ምሳሩን ሰጠው። እምቢ ቢል ጸሎት ቤቱን ያሸጉት ሰዎች እሱንም ይወስዱታል፤ እኛ ልጆቹ ያለ አባት እንቀራለን። ንስሮቹ ከላይ እየዞሩ ይጮኻሉ። አባቴ ቀና አላለም። መታው። ቅቤው ምሳሩን አዳለጠው፤ ደግሞ መታው። ከዚያ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ አክሳዮቹም ነበሩበት።

አባቴ ጫጩቷን ከወደቀችበት አንስቶ በኮቱ ጠቅልሎ ቤት አመጣት። ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ዓሣ በእጁ እየቆረሰ ሊያጎርሳት ይሞክር ነበር፤ አልዋጥ አላት። ንስሮቹ ግራሩ ከነበረበት ቦታ በላይ ሲዞሩ ይውላሉ። ጩኸታቸው ግቢያችን ድረስ ይሰማል፤ እሷም ከካርቶኑ ውስጥ ትመልስላቸዋለች። አየህ፣ ይኼ ነው እስከ ዛሬ አልለቅ ያለኝ።

አንድ ጠዋት ንስሮቹ ጮኹ፤ ከካርቶኑ መልስ አልመጣም። ገብቼ ልያት ስል፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እነሱ ይሂዱ" አለኝ።