የጋሽ ለማ ግሪኮች

ማርያምን፣ አታምኑኝም። ልጅ ሳለሁ እንደ ጥንት ግሪክ ጦረኛ ጋሻ ይዤ ተሰልፌያለሁ፤ ያውም እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ከከብት ገበያው ጀርባ ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ። ትምህርት ቤት የሚባል አልዘለቀኝም። ስለ ግሪክ የማውቀውን ሁሉ የነገረን ጋሽ ለማ ነው።

ጋሽ ለማ ወታደር የነበረ፣ በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በኩል መጥቶ ሞያሌ የቀረ፣ ማባቲ ከምንለው ቆርቆሮ ጂኮ የሚባለውን የከሰል ምድጃና ሳጥን እየቀጠቀጠ የሚሸጥ ሰው ነበር። አንድ እግሩ አይታጠፍም። ያኔ አመሻሽ ላይ፣ መተላለፊያዋ በምታበቃበት ዳስ ውስጥ፣ አዲስ የሠራውን ጂኮ ለመሞከር ከሰል ሲያያይዝ፣ ጭሱ እያስነጠሰን፣ ፋኖሱ ምስማሩ ላይ እየተወዛወዘ፣ ፍሙ ፊቱን አቅልቶት፣ አንድ የጦር አሰልጣኝ የነገረውን የስፓርታ ሰዎች ወሬ ይተርክልናል። ሦስት መቶ ሆነው፣ በተራራና በባሕር መሀል ባለች ጠባብ በር ላይ፣ ምድር የማይችለውን ጦር ገትረው ያዙ ይለናል።

«ጋሻ ለራስህ አይደለም» ይላል መዶሻውን አንስቶ። «በግራህ ለቆመው ነው። አንተ ከሮጥክ እሱ ተወጋ።»

በማግስቱ ማባቲ ይዘን ስንሰለፍ የሰፈሩ ፍየሎች እንኳ በአክብሮት መንገድ ይለቁልን ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ኦቦ ከሚባለው አገር በጭነት ሎሪ የመጣ ኮርማ ሲያወርዱት ገመዱን በጠሰ። የቀንዱን ነገር ልንገራችሁ፤ አንደኛው ጫፍ ኬንያ ቆሞ ሌላኛው ኢትዮጵያ ጉምሩክ ይፈተሻል። አንዱን ደላላ አጥር ላይ ሰቅሎት ወደ እኛ መተላለፊያ ታጠፈ።

ጋሽ ለማ ከኋላችን ዳሱ ደጅ ላይ መሬት ተቀምጦ፣ ያን እግሩን ዘርግቶ ቆርቆሮ ይቆርጣል። ሰው ካልደገፈው አይነሳም።

«አጥሩን ዝለሉ! ሩጡ!» ብሎ ጮኸ።

አጥሩ ለእኛ ምንም አልነበረም። ለእሱ ግን ሰማይ ነው። ጓደኛዬ ጃርሶ መጀመሪያ ማባቲ አነሳ፤ እኔን በግራው አቆመኝ። በእኔ ግራ እህቱ ሎኮ ቆመች፤ ከማባቲዋ በላይ ግንባሯ ብቻ ይታያል። መተላለፊያዋን ዘጋናት።

«ንቅንቅ እንዳትል፣ አንተ ቀልደኛ!» አለኝ ጃርሶ።

«ብትሮጥ ዋላሂ ለእናትህ እነግራለሁ» አለች ሎኮ፤ ትንፋሿ ክንዴ ላይ ይሰማኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ሮጦ ናይሮቢ ገብቶ ነበር፤ የቀረው ሌላው ገላዬ ነው። ግን የማባቲዬ ግማሽ የሎኮን ትከሻ ሸፍኗል፤ ብተወው ቀንዱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ኮርማው አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ጫረ። አቧራው አፋችን ውስጥ ገባ። ከኋላችን ጋሽ ለማ «ልጆቼ፣ በእናታችሁ፣ ሂዱልኝ» እያለ ይለምናል። ድምፁ የዚያ የመዶሻው ሰውዬ አልነበረም።

ኮርማው መጣ። የጃርሶና የእኔ ማባቲ በሚገጣጠሙበት ላይ ሲያርፍ ቆርቆሮው እንደ መብረቅ ጮኸ፤ አቧራው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተትን፤ ጀርባዬ ከጋሽ ለማ ዝርግ እግር ጋር ተጋጨ። ማንም አልለቀቀም። ከዚያ ጩኸት በኋላ ኮርማው ራሱን እያራገፈ፣ እኛን በጥርጣሬ እያየ፣ አንድ እርምጃ አፈገፈገ፤ ያኔ ነው ከብት ነጂዎቹ ከኋላው ደርሰው ገመድ የጣሉበት።

ዛሬም ከጓደኞቼ ጋር ሎሪ ላይ ጆንያ ስንጭን፣ በግራዬ የቆመው ሰው ትንፋሽ ሲሰማኝ ያቺ መተላለፊያ ትመጣብኛለች። ቀንዱን ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል፤ ያው እንደሰማችሁት በየዓመቱ ይረዝምብኛል። የሎኮ ትንፋሽ ግን ያኔ በነበረበት ነው።

ጋሽ ለማ ያን ዕለት አልመረቀንም። ቆቡን አውልቆ በየተራ በቆቡ መታን።

«ሩጡ ስላችሁ ለምን አልሮጣችሁም?»

«ጋሼ፣ ሦስት መቶዎቹ መች ሮጡ?» አለ ጃርሶ ደረቱን ነፍቶ።

«አልሮጡማ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ለማ፤ «ስላልሮጡ አይደል እንዴ አንድ ሳይቀር ያለቁት!»