የተጨማደደ አረር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የጀይሉ ማሽላ ሰው ቆሞ የሚያየው ማሽላ ሆኖ ነበር። ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ዘለላው ከብዶት ያጎነበሰውን አገዳ እያየ «ማሻአላህ» ሳይል አያልፍም። ችግሩ፣ ከረግረጉ ቄጤማ ውስጥ የሚያድሩት ከርከሮዎችም አይተውታል።

ከርከሮ እንደ ወፍ በልቶ የሚሄድ ፍጡር አይደለም። አገዳውን በደረቱ ገፍቶ ያስተኛዋል፤ ከዘለላው ግማሹን ይነክስና ቀሪውን እየረገጠ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስለዚህ መንጋው የሚበላው ትንሽ ነው፤ የሚያጠፋው ግን አይጣል ነው። ጀይሉ እሾህ አጠረ፤ በሥሩ ቆፍረው ገቡ። ማማ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ደበደበ፤ ለሁለት ማለዳ ሸሹ፣ በሦስተኛው ቀና ብለው አይተውት መብላታቸውን ቀጠሉ። ውሻውን ለቀቀባቸው፤ ውሻው ጎኑን በክራንቻ ተቀዶ ተመለሰ።

ማሽላው ጎተራ ካልገባ ቤተሰቡ ክረምቱን የሚዘልቅበት እህል የለም። ያኔ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ነድቶ ሰንበቴ ገበያ ማውጣት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ጀይሉ በየማለዳው የተደፋውን አገዳ ባየ ቁጥር ዓይኑ ወደ በሬዎቹ ይሄዳል።

ከምሰሶው ላይ የአባቱ ውጅግራ ተሰቅሏል። ጠመንጃው ደህና ነው። ጥይቱን ግን አጎቶቹ በየሰርጉ ወደ ሰማይ እየተኮሱ ጨርሰውታል። የቀረው ቀለሁ ነው፤ ባዶው የነሐስ ቅርፊት፣ አንድ ቅል ሙሉ።

«ወደ ሰማይ!» ይላል ጀይሉ ቅሉን ባየ ቁጥር። «ሰማዩ ምን አደረጋቸው?»

ይህን ምሬቱን አንድ ቀን ከሚሴ ወርዶ ከአስፋልቱ ዳር ለሚኖሩት ጡረተኛ ወታደር ለባሻ ባንተይርጋ ነገራቸው። ባሻ ሳቁና ከአልጋቸው ሥር አንድ እንደ ጉጠት ያለ ብረት አወጡ። ሁለት እጀታ አለው፤ አፉ ሲገጠም በመካከሉ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ጎድጓዳ ትቀራለች። የቀለጠ እርሳስ በላይዋ በኩል ይፈስባትና ብረቱ ሲከፈት አረሩ ተሠርቶ ይወድቃል።

«የጥይት ማፍሰሻ ነው» አሉ ባሻ። «ቀለሁን አምጣ፣ ባሩዱንና የሚያቀጣጥለውን ከብሱል እኔ እሞላልሃለሁ። አረሩን ግን ራስህ ታፈሳለህ፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል። በል አሁን አፌን እየው። ቤት ውስጥ አታቅልጥ፤ ጭሱ ለልጆች ክፉ ነው። ውሃ የነካው ነገር ወደ እርሳሱ እንዳታስጠጋ፤ አንዲት ጠብታ ከገባችበት ፊትህ ላይ ይተፋብሃል። ሲቀልጥ ከላይ እድፍ ይሰፍበታል፤ የጣት ጫፍ ያህል ሰም ጣልበትና አማስለው፣ እድፉ ተሰብስቦ ይወጣልሃል። ይጨስብሃል፣ አትደንግጥ።»

«እሺ ባሻ። ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ሴት ልጄ በስምንት ዓመቷ ታፈስስ ነበር።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ጀይሉን በሚቀጥሉት ቀናት ያልለበለበችበት ሰዓት የለም።

እርሳሱን ከጣሊያን ጊዜ ከቀረ ከተሰባበረ ቱቦ አገኘ። ብረት ድስቷንና ጭልፋዋን ሚስቱ ዓዲላ ሰጠችው። «ሰጠችው» ማለት ይከብዳል። እርሳስ የነካው ዕቃ ዳግመኛ ወጥ እንደማይሠራበት ስትሰማ ጭልፋዋን እንደሚሸኝ ዘመድ ነው ያየቻት። በነጋታው ጀይሉ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር ከሰል አቀጣጠለ፣ ልጆቹን አራቀ፣ ቢስሚላሂ ብሎ ጀመረ። እርሳስ ሲቀልጥ ማየት ያስደስታል። ሻካራው ግራጫ ቁራጭ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ድንገት ይከዳና እንደ መስታወት የሚያበራ ኩሬ ይሆናል። ጀይሉ ሰሙን ጣለ፣ ጨሰ፣ አማሰለ፣ እድፉን ጨለፈ። ማፍሰሻውን ሞላ። ከፈተ።

የወደቀችው አረር ፊቷ እንደ አሮጊት ጉንጭ የተጨማደደ ነበር።

ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ከጎኗ ቁራሽ ጎድሏታል። ጎረቤቱ ዑመር በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። የዑመር ማሽላ ከጀይሉ ማሳ ማዶ ነው፤ ከርከሮዎቹ ገና አልደረሱበትም፤ ስለዚህ ለመሳቅ ጊዜ አለው።

«ጀይሉ፣ ምንድን ነው የምትሠራው? ዘቢብ ነው?»

«ሂድ ወደ ሥራህ።»

«አይ፣ ለከርከሮው ማባያ ከሆነ ጥሩ ነው። ማሽላ ብቻውን ይደርቃል።»

አረር ለምን ይጨማደዳል? እርሳሱ ጎድጓዳዋን ሞልቶ ከመጠጋቱ በፊት ከረጋ ነው፤ ማለትም ማፍሰሻው ከቀዘቀዘ። የተጨማደደ አረር በአፈሙዙ ውስጥ በትክክል አይይዝም፤ ሲወጣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ይሄዳል። ጀይሉ ይህን ለመጠየቅ ከሚሴ ድረስ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱ ማፍሰሻውን ከሰሉ ዳር አስቀምጦ እጀታው እስኪፋጅ አሞቀው። እንደገና ተጨማደደ። እርሳሱን ይበልጥ አጋለው። ተጨማደደ። ሰሙን ጨመረ፤ ጓሮው በጭስ ታፈነ፤ ዓዲላ እያሳለች ወጥታ «ንብ ነው የምታባርረው?» አለችው፤ አሁንም ተጨማደደ። የሚገርመው፣ ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ አረሮቹ እየተሻሻሉ ይመጡና ተስፋ ሲያደርግ ከሰሉ ወይም እርሳሱ ያልቅበታል። ያበላሻቸውን መልሶ ድስቱ ውስጥ ይጥላል። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ያቺው የአሮጊት ጉንጭ።

በዚህ መካከል ከርከሮዎቹ ከማሳው ሲሶውን ጨርሰው ወደ መሐል ገቡ።

በመጨረሻ ባሻ ራሳቸው በበቅሎ መጡ። ቁጭ አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው በገዛ እጃቸው አፈሰሱ። ከፈቱ። የወደቀችውን አረር በጉጠት አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ምን አድርገኸው ነው?» አሉ።

«እኔ? አሁን ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት!»

«በእኔ እጅ አርባ ዓመት እንዲህ አድርጎ አያውቅም! ያልነገርኩህን ነገር ሠርተህበታል።»

«ዋላሂ፣ ያሉኝን ብቻ ነው የሠራሁት!»

«እንግዲያው ብረቱ አንተን ጠልቶሃል» አሉ ባሻ ተቀይመው ሲነሡ። «እስከ ሐሙስ ይኑርህ። ሐሙስ ትመልስልኛለህ፤ ሌላ የጠየቀኝ ሰው አለ።»

ጀይሉ በዚያ ቀን ምሳ አልበላም። በሬዎቹን ውሃ ሲያጠጣ የትኛው እንደሚሸጥ እያማረጠ መሆኑን ድንገት ነቃበትና ራሱን ረገመ።

ረቡዕ ጠዋት ከሰሉን አቀጣጥሎ ማፍሰሻውን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ከግድግዳው ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ድመቷ ተጋድማ ማፍሰሻውን በሁለት እጇ ይዛ ትልሳለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ ምላሷን እያስገባች።

ጀይሉ ቆመ። ድመት ብረት አትልስም። እርሳስም አትልስም። ጎንበስ ብሎ ድመቷን ገፋና ጣቱን ጎድጓዳዋ ውስጥ አስገባ። ጣቱ ቢጫ ሆኖ ወጣ። አሸተተው።

«ዓዲላ!» ብሎ ጮኸ። «ማነው ማፍሰሻዬ ውስጥ ቅቤ ያስገባው?»

የዓዲላ ዓይን ወደ ጥጉ ሄደ። በጥጉ እናቱ ሀዲጃ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንደምታደርገው መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትገፋለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሀዲጃ። «ምን ሆነሃል? ምን ያስጮህሃል?»

«እማ! ለምን?»

«ለምን ይለኛል እንዴ? አዲስ ነገር እቤት ገብቶ ሳይቀባ ይቀመጣል? ሙሽራዋን ቀባናት። ጥጃው ሲወለድ ቀባነው። ማረሻው ሲሳል ቀባነው።»

«እሱ ማረሻ አይደለም!»

«አውቃለሁ። ማረሻ ያበላል፣ ይኼ ይገድላል። ለዚህ ነው በየቀኑ የምቀባው።»

ጀይሉ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እስከ ምሳ ሰዓት ቅቤው ተቃጥሎ ሊያልቅ ሲል አረሩ ይሻሻላል፤ በማግስቱ ማለዳ እናቱ አዲስ ትጨምራለች። የቅቤውን ጭስና ሽታ ደግሞ የሰሙ ጭስ ሸፍኖታል። ስብ የነካው ብረት የቀለጠ እርሳስ አያስጠጋም፤ እርሳሱ ከግድግዳው ይሸሽና ይጨማደዳል። ባሻ ውሃን ነገሩት፣ እድፍን ነገሩት፤ ስለ ቅቤ ግን ምን ብለው ያስጠንቅቁ? በእሳቸው ቤት ማን ጉጠት ይቀባል?

«እሺ፣ ቀቢው» አለ ጀይሉ ድምፁን እንደምንም ዝቅ አድርጎ። «እጀታውን ብትቀቢው ምን ነበረበት? ሆዱ ውስጥ ለምን?»

«ልጁ ከየት ነው የሚወጣው? ከእጀታው?»

ዓዲላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ወጣች። ሳቋ ግን ከጓሮ ተሰማ።

«እማ፣ ይኸውልሽ፣ ቅቤሽ አረሩን እያበላሸው ነው። አረሩ ካልወጣ ከርከሮው ማሽላውን ይጨርሳል። ዳለቻው በሬ ይሸጣል።»

ሀዲጃ መቁጠሪያዋን አቆመች። ዳለቻውን በጥጃነቱ በእጇ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ሳይቀባ ግን የሚገድል ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። «አባትህም ጠመንጃውን ሲገዛ ቀብቼለታለሁ። አንድ ነገር ይቀባ። ብረቱ ካልሆነ አንተ ና።»

ጀይሉ መከራከር ጀምሮ ከሰሉ እየከሰመ መሆኑን አስታወሰ። ጎንበስ አለላት። ሀዲጃ ከቅቤው ቅል ዝቃ በአናቱ ላይ እፍኝ ሙሉ ለጠፈችበት፤ መረቀችው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም መረቀችው፤ አልቸኮለችም።

ከዚያ ጀይሉ ማፍሰሻውን በአመድና በፈላ ውሃ ደጋግሞ ፈተገው። ውሃ ስለነካው ደግሞ እስኪደርቅ ከእሳቱ ዳር አኖረውና ጠበቀ። መጠበቅ ከሁሉ የባሰው ነበር። የከሰሉ ሙቀት አናቱ ላይ ያለውን ቅቤ አቀለጠው፤ በግንባሩ ወረደ፣ ቅንድቡ ላይ ተንጠለጠለ። ጠብታዋ ማፍሰሻው ላይ እንዳትወድቅ አንገቱን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በዓይኑ ቁልቁል እያየ ማፍሰስ ነበረበት።

«ከማን ጋር ነው የተኳረፍከው?» አለ ዑመር ከአጥሩ ላይ። «እርሳሱን አታየውም?»

ጀይሉ የመጀመሪያዎቹን አረሮች ወደ ድስቱ መለሳቸው። ከዚያ አንዷ ወደቀች። ድፍን፣ ልስልስ፣ ከመሠረቷ እስከ አፏ እኩል የምታበራ። አንገቱ እንደቀና ሆኖ በጨርቅ አንስቶ ከዓይኑ ፊት አዞራት። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ እህቶቿ ነበሩ።

ሐሙስ ማፍሰሻውን መለሰና ባሻ ቀለሁን ሞሉለት። ምን እንደነበረ ሲጠይቁት ጀይሉ «ቅቤ» አለ። ባሻ ማፍሰሻውን አሸተቱና «አርባ ዓመት» አሉ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ጀይሉ ማማው ላይ ነበር። መንጋው እንደ ልማዱ በአጥሩ ሥር በቆፈረው ቀዳዳ ገባ፤ ከፊት ትልቁ ወንድ፣ ክራንቻው ወደ ላይ የተጠማዘዘ። ጀይሉ እስኪቀርብ ታገሠና ተኮሰ። የውጅግራው ድምፅ ሜዳውን አናወጠው፤ ትከሻውን የመታው ከበሬ ርግጫ አይተናነስም። ጭሱ ሲገለጥ ትልቁ ከርከሮ በጎኑ ወድቋል። የቀሩት ቄጤማውን እየሰነጠቁ ጠፉ።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። መረቁት፣ ትከሻውን መቱት፣ ጠመንጃው የመታውንም ትከሻ መቱት። ዑመር «ወንድ ነህ!» እያለ አቀፈው።

«በሉ ያዙልኝና ከማሳው እናውጣው» አለ ጀይሉ።

ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አውዙቢላህ» አለ ዑመር። «ከርከሮ ነክቼ ሰባት ጊዜ ልታጠብ ነው?»

«ምን ይሁን ታዲያ? እዚሁ ማሽላዬ ውስጥ ይሽተት?»

«የገደለ ነው የሚያነሳ።»

ማንም እጁን አልዘረጋም። ገመድም የሚያውስ ጠፋ፤ ከርከሮ የነካ ገመድ በምን ይጸዳል? ሥጋው ሌላ አውሬ እንዳይጠራበት ጀይሉ እዚያው አጠገቡ ጉድጓድ ሊቆፍር ጀመረ። ጥቁሩ መሬት ሲጣበቅ ዶማውን ይውጣል። ጎረቤቶቹ ነፋሱ በማይመጣበት በኩል ጥላ ይዘው ተቀምጠው ምክር ይሰጡታል። «ጠለቅ አድርገው!» «በዚያ በኩል አስፋው፣ እግሩ ረጅም ነው!» ከሰዓት በኋላ በረጅም እንጨት እየገፋ አንከባሎ ጣለውና አፈር መለሰበት። ከዚያ በአፈርና በውሃ ሲታጠብ መሸ።

መንጋው ወደ ጀይሉ ማሳ አልተመለሰም። የተረፈው ማሽላ ተቆረጠ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ፤ እንደ ቀድሞው ባይሆንም ክረምቱን ያደርሳል። ዳለቻውም ከበረቱ አልወጣም።

ከርከሮዎቹ ግን መብላት አልተዉም። ዘግይቶ የደረሰው የዑመር ማሽላ ገና ቆሞ ነበር። አንድ ማለዳ ዑመር አንድ ቅል ቀለህ ታቅፎ፣ የእርሳስ ቁራጭ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ፣ የጀይሉ በር ላይ ቆመ። ሳቅ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም።

«ጀይሉ፣ ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ? ያንን ነገር ብታሳየኝ ብዬ ነበር። ከየት ነው የሚጀመረው?»

ጀይሉ ትከሻውን እያሸ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ከጉድጓዱ» አለው። «መጀመሪያ ሂድና ጉድጓዱን ቆፍር።»