ኪራዬን በገዛ ፎቶዬ አስጨመርኩ

«ልጄ፣ ገበያ ከሌለ ይሄ ሁሉ ሰው ምንህ ነው?» አሉኝ ጋሼ ወልዴ ዛሬ ጠዋት፣ ስልካቸውን አፍንጫዬ ስር ደቅነው።

ጋሼ ወልዴ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያለችውን ሚጢጢ ካፌዬን ያከራዩኝ ሰውዬ ናቸው።

ገና ከበር ሲገቡ ኪራይ ሊጨምሩ እንደመጡ ገብቶኛል። መርካቶ ያደገ ሰው ደግሞ ለአከራይ ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ዕቃው ተሸጦ ቢያልቅም እንኳ «ገበያው ሞቷል» ነው የሚባለው። እኔም አልኩ። የወተቱን፣ የስኳሩን፣ የመብራቱን እያነሳሁ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ትወናዬ ራሴንም አሳዘነኝ!

ጋሼ ማኪያቷቸውን ጨርሰው ነው ስልኩን ያወጡት።

ፎቶውን ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ካፌዋ ጢም ብላለች፣ በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል። ከላዩ «መቀመጫ የለም! መርካቶን ተቆጣጠርናት!» ብዬ ጽፌበታለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ዝናብ ነው ያስገባቸው። እንዳባራ ሁሉም ውልቅ አሉ። ያዘዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ውሃ።

ይህንኑ ለጋሼ ተናዘዝኩ። ከት ብለው ሳቁና፣ «አየህ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚሮጥበት ቤት ጥሩ ቦታ ላይ ያለ ቤት ነው» ብለው ኪራዩን ጨመሩብኝ። ማኪያቶውንም አልከፈሉም።

እናንተስ፣ በገዛ ጉራችሁ ኪራይ ያስጨመራችሁ አላችሁ? ኮመንት ላይ አጽናኑኝ እስቲ። ብቻ አደራ፣ «ቤትህ ሁሌ ሙሉ ነው» እንዳትሉኝ።

ያንን ፎቶ ላይክ ያደረጉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጋሼ ወልዴ።