ለምሳሌ፦ የባሕር ዳር ቤት

ክሌመንት ሃርግሪቭ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ «ሰነፍ ነበራ!» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ሊድስ ውስጥ፣ ከሱፍ ፋብሪካዎቹ ጀርባ በነበረ አንድ የመዝገበ ቃላት ቤት ተቀምጦ፣ ተመሳሳይ በሚባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ያለውን ቀጭን ልዩነት ሲያበጥር ነው የኖረው። በዚያ ሥራ የሚደርስበት አልነበረም። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

እዚያ ቤት ዓመት የሚቆጠረው በፊደል ነበር። ሥራው ከኤ ተነሥቶ ወደ ዜድ የሚጓዝ ስለሆነ፣ የአንዱ ልጅ የተወለደው «ኤፍ ሲያልቅ» ነው፤ የሌላው እናት የሞተችው «ኤም ስንጀምር»። ጦርነቱ ያለቀው በኤች መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከውጭ የመጣ ሰው ይስቅባቸዋል፤ እነሱ ግን ምኑ እንደሚያስቅ አይገባቸውም።

ዊኒ ፕላት የመጣችው በፒ ነው። አራሚ ሆና ተቀጠረች፤ ከማተሚያ ቤት የሚመጣውን ረቂቅ ገጽ አንብባ ስሕተቱን ማውጣት ነው ሥራዋ። ፊቷ ሳቂታ፣ ምላሷ ምላጭ። ጠዋት በሥራ ሰዓት ማውራት ክልክል ስለነበረ፣ ሰው ሁሉ አፉን የሚከፍተው የሻይ ጋሪ ሲገባ ነው። እነሱም የተዋደዱት በሻይ ሰዓት ነው።

«ሃርግሪቭ፣ ሻይህ በረደ እኮ። ምን ታስባለህ?»

«እያሰብኩ አይደለም፤ እያብሰለሰልኩ ነው።»

«ደግሞ ምን ልዩነት አለው?»

«ያሰበ ሰው አንድ ቦታ ይደርሳል። የሚያብሰለስል እዚያው ይዞራል።»

«እንግዲያው ሻይህን ጠጣና አንድ ቦታ ድረስ!»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ክሌመንት ጆሮው ድረስ ቀላ። ኪው ሳያልቅ ቀለበት አሰረላት።

ዊኒ አክስት ነበረቻት፤ ዊትቢ ላይ፣ ከገደሉ አናት፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ የእንግዳ ማረፊያ የነበራት። አክስቲቱ ጉልበቷ ሲከዳት «ባልሽን ይዘሽ ነይና ተረከቢኝ» አለቻት። ዊኒ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ክሌመንትም ተደሰተ፤ ሐሰት አይደለም። እሑድ እሑድ ፓርክ ውስጥ ሲንሸራሸሩ የሚያወራው ስለዚያ ቤት ብቻ ነበር። በሩን አረንጓዴ ይቀባዋል። ከደረጃው ሥር ለመጻሕፍቱ መደርደሪያ ይሠራል። ዝናብ ሲሆን እንግዶቹ የሚጫወቱበት ጥግ ያበጃል። ሲያወራ ቤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዊኒ የሚያመልጣት ይመስል ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ትይዘው ነበር።

«መቼ ነው ታዲያ?» ትላለች።

«ኤስ ይለቅና።»

ከእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ኤስ የሚረዝም የለም። ዊኒም ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም ጠበቀች። ኤስ አለቀ። በማግሥቱ ክሌመንት እንዲህ አላት፦

«ቲ ላይ ‹ቲንክ› አለ እኮ፣ ‹ማሰብ›፣ የኔ ፍቅር። እሱን ለሌላ ሰው ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?»

«ከዚያ ዩ አለ፣ ቪ አለ። ጥርሴ ሲረግፍ ልታገባኝ ነው?»

«‹ማሰብ›ን ብቻ። ከዚያ በቃ።»

ዋና አዘጋጁ ሽማግሌው ሚስተር ኦግደን ናቸው። ሐሳብ በሰው ልብ ውስጥ የሚበጅባቸውን ቃላት ሁሉ፣ በየትኛውም ፊደል ይጀምሩ፣ በ‹ማሰብ› ሥር በአንድ አንቀጽ እንዲለያያቸው ሰብስበው ለክሌመንት ሰጡት፦ መፀነስ፣ ማውጠንጠን፣ መገመት፣ በዓይነ ሕሊና ማየት፣ ማቀድ። የቤቱ ሕግ፣ ለእያንዳንዱ ቃል ከሰው አፍ ሊሰማ የሚችል እውነተኛ ምሳሌ ይሰጥ ይላል። ክሌመንት ጸደዩን በሙሉ በዚያ አንቀጽ ላይ አሳለፈው። አንዱን ከአንዱ እንዲህ አጥርቶ የለየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ኦግደን ራሳቸው ቆመው አነበቡለት። ሙገሳው ደስ አሰኘው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየለትም።

ረቂቁ ታትሞ ሲመጣ ዊኒ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እርሳሷን ይዛ፣ እንደ ልማዷ ከላይ ወደ ታች ወረደች። «በዓይነ ሕሊና ማየት» ከሚለው ጎን ምሳሌው፦ «ባሕር ዳር፣ በሩ አረንጓዴ የሆነ ቤት በዓይነ ሕሊናው ይታየዋል» ይላል። ፈገግ አለች። ቀጥሎ «ማቀድ» መጣ፦ «መሐንዲሱ ድልድዩን በመጪው ጸደይ ለመጀመር አቀደ።» ፈገግታዋ ጠፋ። ተመልሳ የፊተኛውን አነበበች። የሻይ ጋሪው እስኪገባ ድረስ ሌላ ገጽ አልገለጠችም።

«ክሌም፣ ቤታችንን አየሁት» አለችው ስኒዋን ሳታነሣ።

«ወደድሽው? ላስደንቅሽ ብዬ ነው።»

«ለምን ‹ማቀድ› ሥር አላደረግከውም?»

እዚህ ላይ ሌላ ወንድ ቢሆን ይዋሻል። «ረስቼው ነው» ይላል፣ ወይም እጇን ይይዛል። ክሌመንት ግን ቃል ሲጠየቅ መዋሸት የማይችል ፍጡር ነው፤ እንዲያውም ጥያቄው ደስ አለው።

«አይሆንማ! ማቀድ ቀን ይፈልጋል። የተጀመረ ነገር ይፈልጋል፤ ቢያንስ አንድ ምስማር የተመታበት። የኛ ቤት ገና…»

ቀሪውን ዋጠው። ምን እንዳለ የገባው ያኔ ነው፤ ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል?

«ልክ ነህ» አለች ዊኒ። «የሚታረም ነገር የለውም።»

ሄዳ ከገጹ ግርጌ ፈረመችበት፤ ገጹም ሳይነካ ወደ ማተሚያ ቤት ተመለሰ። ዩ ሳይጀመር ወደ ዊትቢ ሄደች። ባቡር ጣቢያ ሲሸኛት «አንቺ ቅደሚ፣ እኔም እከተላለሁ» አላት፤ ከልቡም ነበር። ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን አጠፈችለት። «ስትመጣ ታደርግልኛለህ» አለችው።

ዩ አለፈ፣ ቪ አለፈ። ክሌመንት በየማታው ከደረጃው ሥር ለሚሠራው መደርደሪያ እንጨት ይመርጥ ነበር፤ በሐሳቡ። ቀን ቀን ይሠራል። ይጽፍላታል፣ ትጽፍለታለች፤ ከዚያ መልሷ እያጠረ ሄዶ የገና ካርድ ብቻ ሆነ። በደብልዩ መሐል ሚስተር ኦግደን ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ።

«አንተ ሰው፣ ያቺ ልጅ እዚያ ምን እያደረገች ነው?»

«እንግዳ ታስተናግዳለች።»

«አንተስ እዚህ?»

ክሌመንት ወደ ገጹ አጎነበሰ።

«እኔ ሚስቴን በዚህ ፊደል ቀበርኩ፣ የፊተኛው እትም ደብልዩ ላይ። ይህ መጽሐፍ ማንንም አመስግኖ አያውቅም። ሂድ ከፊቴ፣ ልጄ!»

በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ። የተከራየውን ክፍል አስረከበ። መጻሕፍቱን፣ የክረምት ካፖርቱን፣ የእናቱን ሰዓት፣ ከዚህ ዓለም ያለውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ሳጥን አጨቀና ዊትቢ ወረደ። በሕይወቱ ሙሉ በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ነገር አድርጎ አያውቅም። ሳጥኑን ሁለት ሰው እንኳ የሚያነሣው ስላልነበረ ጣቢያው ዕቃ ክፍል አስቀምጦ፣ ትንሿን ቦርሳ ብቻ ይዞ ዳገቱን ወጣ።

የቤቱ በር ነጭ ነበር። ከደረጃው ሥር የእንግዶች ቦት ጫማ ተደርድሯል። ዊኒ ሽርጧን እንደታጠቀች ከወጥ ቤት ወጣች፤ ከፊት ይልቅ ወፈር ብላለች፣ ፊቷን ፀሐይ መትቶታል። ስታየው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች፤ ጠርጋ ብትጨርስም መጥረጉን አልተወችም።

«ክሌም» አለች። «በአየር ነው በምድር?»

«በባቡር።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ቦርሳው ወረደ፤ የሁለት ሸሚዝ ቦርሳ። ክሌመንት አየች ብሎ አላሰበም። እሱ የሚያየው ቤቱን ነበር፤ ያለ እሱ የቆመውን፣ አንዲት ጥግ እንኳ ያልጎደለችውን።

«እስከ መቼ ነህ?» አለችው። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ነበር የወጣው።

‹ልቆይ ነው የመጣሁት፣ እሺ ካልሽኝ።› ይህን በባቡሩ ውስጥ ሲያጠናው ነበር የመጣው። ቀለበቱም ኪሱ ውስጥ ነው። ነገር ግን ከመመገቢያ ክፍሉ አንድ ወንድ ሳቀ፤ እንግዳ ይሁን ሌላ አላወቀም። መጠየቅ ፈራ። ሁሉን ነገር አስቀድሞ አስቦ ነበር፤ መፍራቱን ግን አላሰበውም።

«እስከ ቅዳሜ» አለ።

«ጥሩ» አለች ዊኒ። «በስተኋላ ያለው ክፍል እስከ ቅዳሜ ባዶ ነው።» ፎጣ ልታመጣለት ሄደች።

ሦስቱን ቀን በጭስ የደረቀ ዓሣ ቁርስ አቀረበችለት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ፤ ከማንኛውም እንግዳ ግን አንድ ቁራጭ ዳቦ ጨምራ። የሳቀው ሰውዬ ሚስቱን ይዞ ሊዝናና ከማንቸስተር የመጣ ጫማ ሻጭ ነበር። ክሌመንት ይህን ያወቀው ዓርብ ማታ ነው፤ ያኔም ጠዋት እነግራታለሁ ብሎ ተኛ። ጠዋት ቤቱ በእንግዳ ተጨናነቀ፣ እሷም ወዲያ ወዲህ ስትል ተሰናብቷት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ተሸካሚ አዲስ እንግዶች ይዞ መጣ። ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ነው።

«አይ ሚስ ፕላት፣ እንግዳሽ ገደለን! የዚያ ሰውዬ ሳጥን ምን ድንጋይ ነው? ስናነሣው ክዳኑ ተከፈተብን፤ ለሦስት ቀን ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ማን ይዞ ይመጣል? ካፖርት አለበት፣ ሰዓት አለበት…»

ዊኒ የያዘችውን ሳህን ቁልል ደረጃው ላይ አስቀመጠች፣ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«ባቡሩስ?» አለች።

«ሄደ እንጂ። በስድስት ሰዓት።»