ባዶ የቀረው ጠንካራ ጎን

እኛ ጋ፣ ጅማ፣ ቲያትር ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ይገመገማል። ሦስት ሰው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና ለሁለት የተከፈለ ቅጽ ይታደለዋል፤ በግራ «ጠንካራ ጎን»፣ በቀኝ «ደካማ ጎን»። በሬዲዮ ስለ ቲያትር ስለምለፈልፍ ከሦስቱ አንዱ እኔ ሆንኩ። የቀሩት ከደሴ የመጣ ወጣት የኮሌጅ መምህርና ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው።

የሚገመገመው የአብሮ አደጌ ሙዚቃዊ ቲያትር ነበር። ሁለታችንም ቦሳ ኪቶ ሰፈር አድገን፣ በቀበሌው የኪነት ቡድን አብረን ጀመርን። እሱ ንጉሥ ሲሆን እኔ ዛፍ ሆንኩ፤ ያውም ጀርባዬን ለተመልካች የሰጠሁ ዛፍ።

አሁን ይኸው አርባ ተወዛዋዥ፣ ዛፍ የሚሆኑ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብና የሚሽከረከር መድረክ አለው። መድረኩን የሚያዞረው ሰርቦ ካለ የቡና መፈልፈያ የተነቀለ ሞተር ነው። በጀቱን የሰማሁ ቀን እስከ ማታ ዜሮዎቹን ስቆጥር ዋልኩ። ሥራው ተበላሽቶበታል ሲሉኝ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ።

አላሳፈረኝም። ሞተሩ ሲነሳ ዘፋኟ አፏ ይከፈታል እንጂ ድምጿ የለም፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ተመልሶ ሰርቦ ሳይደርስ አይቀርም። ገበሬው ላይ መውረድ የነበረበት ዝናብ ከበሮ መቺውን አበሰበሰው። ፍቅረኞቹ ሊሰነባበቱ ሲሉ መድረኩ ዞረና ልጅቷን ይዟት ገባ፤ ጎረምሳው «ያለ አንቺ አልኖርም» ያለው ለአንድ ጆንያ ቡና ነው።

ትርኢቱ ሦስተኛ ሰዓቱን ሲይዝ ርዕሰ መምህርቷ አንቀላፉ፣ መምህሩ «ተምሳሌት» የሚል ቃል ጽፎ አሰመረበት። እኔ ቀኙን ሞልቼ፣ ጀርባውን ሞልቼ፣ ከመምህሩ ወረቀት ለመንኩ። የትኛው ዘፈን ይጠር፣ ዝናቡ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ሞተሩ ወጥቶ መድረኩን የቡና ተሸካሚዎች ከሥር ይግፉት፤ ጥፋቱ ይበልጥ እንዲያቃጥለው ብዬ ከእያንዳንዱ አጠገብ እንዴት መሆን እንደነበረበት ጻፍኩለት። ግራው በኩል አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቀመጥኩም።

በውይይቱ መምህሩ «በርቱ» አለ። እኔ ቅዳሜ መከፈት የለበትም አልኩ። ይህ ቅዳሜ ካለፈ አዳራሹ ለሌላ ሥራ ስለሚሰጥ የአብሮ አደጌ የሁለት ዓመት ልፋት እዚያው መቅረቱ ነው። ያንን አውቃለሁ። ፊቱ አመድ ሲመስል ደግሞ እያየሁት ነው።

ርዕሰ መምህርቷ ወረቀቶቼን ወሰዱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ አንተ ብቻህን ነው ያየኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ይህ ከተስተካከለ ቅዳሜ ይከፈት።»

መምህሩም ተስማማ። አብሮ አደጌ ወረቀቶቹን በሁለት እጁ ተቀበለና ዓይኔን እያየኝ፣ «ወላሂ፣ እንዲህ አድርጎ ሥራዬን ያየልኝ ሰው የለም» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ አፉ ድረስ ሞላ። ሞተሩ የለም። ስምንት ተሸካሚዎች መድረኩን ከሥር እየገፉ የሥራ ዘፈናቸውን በኦሮምኛ ሲቀባበሉ ሕዝቡ ብድግ አለ። ዝናቡም የሚገባው ሰው ላይ ወረደ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እንባዋን እየጠረገች «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» አለችኝ። «የማን?» ብዬ ብጠይቃት ወደ አብሮ አደጌ ጠቆመችኝ። ጣሪያው እስኪነሳ ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ ግን እንደ ኮንትራት ሠራተኛ ሰዓት ይቆጥር ነበር።

ሕዝቡ ሲወጣ አብሮ አደጌ መጣ። በዝናቡ የራሰውን ቅጼን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው።

«ቀኙን ጨርሼልሃለሁ። ማሎ፣ እባክህ፣ ግራውን ሙላልኝ» አለና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። በመጨረሻ «ዛፎቹ ፊታቸውን ለተመልካች ሰጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው ሁሉ ቀልደኛ ነው ስለሚለኝ ነው እንጂ፣ ያን ቀን አልቀለድኩም።