ጣውላ ላይ የተገፋ ድንበር

እናቴ ጉልበቷን ለመታከም ከቁንዝላ ባሕር ዳር ስትመጣ፣ እሷ የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነበር፤ እኔ ያመጣኋት ግን ለሁልጊዜ ነው። ዳገት ቁልቁለት ይቅርብሽ ተብላለች፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ እኔም ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ ሰልችቶኛል። ልቧ ግን ጓሮዋ ላይ ቀርቷል። የተከራየሁበት ግቢ ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሲሚንቶውን እያየች፣ ሎሚዬ ይኼኔ ውኃ ጠምቶታል ትላለች።

እሷን ወደ ጓሮዋ ከምመልስ ጓሮዋን ወደ እሷ ላምጣው አልሁ። ከጣት የማይበልጡ አበቦችንና ጎጆዎችን የሚሠሩ ሰዎችን በስልኬ ሳይ ከርሜያለሁ፤ እጄም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ጥቅም የለሽ ነገር ጎበዝ ነው። የተጣለ የቁም ሣጥን በር አገኘሁና ጣውላውን አጋደምሁት። ጎጆውን ከካርቶን ሠርቼ በጭቃ ለሰንሁት፤ ጣሪያውን በጤፍ ጭድ ከደንሁት። ለሣሩ ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነከርሁ። የቡናው ፍሬ ቀይ የተቀባ ሰናፍጭ ነው። የጌሾውን ቅጠል ከወረቀት አንድ በአንድ እየቆረጥሁ ቀጭን ሽቦ ላይ ስለጥፍ ዐይኔ ሊጠፋ ነበር። ያላስቸገረኝ የአጥሩ ቅንጭብ ብቻ ነው፤ የመጥረጊያ ጭራሮ አረንጓዴ ሲቀባ ቁርጥ ቅንጭብ ይሆናል። ዱባውን ከሊጥ መሥራቴ ግን አልበጀኝም፤ ጉንዳን በልቶ ጨረሰው።

እናቴ መጀመሪያ ሥራ ፈትተሽ ነው ወይ አለችኝ። በማግሥቱ ጌሾው ከቤቱ ራቅ ይበል አለች። ቀጥላ ምርኩዟን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ማዘዝ ጀመረች። የእሷ ቡና እንዲህ አልተንዠረገገም፣ ጎመኑ በዝቷል፣ ዶሮ የጫረው ቦታ የታለ። ድንበሩ ላይ ካለው ትልቁ ብሳና ስንደርስ በተለይ ጠንቃቃ ሆነች። እንደመሰለኝ ቅንጭቡን ከብሳናው ወዲህ ስተክለው፣ "ወዲያ አርጊው" አለች። ገፋ አደረግሁት። "አሁንም ወዲያ።" ብሳናው ወደ እኛ ግቢ ገባ። ከቤት ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ስለሆነ አልተከራከርኋትም።

ጓሮው ሲያልቅ ስለ መመለስ ማውራት አቆመች። ዐይን እንዳይበላው ብላ ትንሽ ከሰል በክር አስራ ጎጆው ላይ አንጠለጠለች፤ ዐይኑ ያላማራት እንግዳ ሲመጣም ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። እኔም ያሸነፍሁ መስሎኝ አዲስ ብርድ ልብስ ገዛሁላት።

ብዙም ሳይቆይ የቁንዝላዋ ጎረቤታችን በጀልባ ሊጠይቋት መጡ። የእናቴ እኩያ ሴት ናቸው፤ ያን ሎሚ ሲያጠጡ የከረሙትም እሳቸው ኖረዋል፣ በዘንቢል ሙሉ ፍሬውን ይዘው መጥተዋል። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ ጓሮውን አሳየኋቸው። በስመ አብ ብለው ጎንበስ አሉ፤ ጌሾውን ነካ ነካ አደረጉ፣ እጄን መረቁት። ድንገት ጣታቸው ቅንጭቡ ላይ ቆመ።

"ብሳናው ማን ግቢ ነው ያለው?"

እናቴ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ለካ እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ በዚያ ዛፍ ተጣልተው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ብሳናው ለጎረቤታችን ተወስኖ፣ እናቴም ተስማምታ ታርቃለች። ሽማግሌ የወሰደባትን ዛፍ በእኔ እጅ አስመልሳ ኖሯል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አድርገሽ ትከይው ያለሽ ማን ነው አሉኝ። እናቴ አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝና፣ የልጅቷ ሥራ እንደሆነ፣ እሷ ምንም እንደማታውቅ ተናገረች።

ምሳ ቀረበ፤ እንግዳችን እጃቸውን አልታጠቡም። ድንበሩ ሳይመለስ እህል አልቀምስም አሉ። እናቴ ደግሞ እንግዳዬ ጦሟን ውላ እኔ አልበላም አለች። ወጡ ሲቀዘቅዝ ግራ ቢገባኝ፣ እዚያው ግቢ የሚኖሩትን ጡረተኛ ጠራኋቸው፤ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው ጣውላውን ሲያዩ ሊስቁ ነበር፤ ሁለቱን ሴቶች ሲያዩ ተዉት። መነጽራቸውን አድርገው ግራ ቀኙን ሰሙና ቅንጭቡ ተነቅሎ ወደ ቦታው ይመለስ ብለው ፈረዱ። ሙጫው ደርቋል፤ አንዱን ጭራሮ ስነቅል ሣሩ አብሮ ተገሸለጠ።

"ተይው" አለች እናቴ። "በካርቶን ምን ያጨቃጭቀናል? ሄደን ዛፉ ሥር ቆመን እንየው።"

ጎረቤታችን ወዲያው እንሂድ አሉ። የመታጠቢያ ውኃ አስመጡኝና ከአንድ ትሪ፣ እየተጎራረሱ በሉ።

በማግሥቱ የጀልባው መሳፈሪያ ላይ እንደ ሕፃን ለመንኋት። ጉልበቷን አነሳሁ፣ ሐኪሙን አነሳሁ፣ ብቸኝነቷን አነሳሁ። ጎረቤታችን ክንዷን ይዘው እየደገፉ ሲያሳፍሯት ዞር ብላ፣ "ድንበር በወኪል አይጠበቅም" አለችኝ። በጣም ተናደድሁ። ቤት ገብቼ ጣውላውን ሳየው ግን እንባዬ መጣ። ጎመኑንም ጌሾውንም ሠርቼላታለሁ፤ የምትጨቃጨቀውን ሰው ግን ከምን እሠራላታለሁ?

አሁን በየቀኑ እደውላለሁ። ባለፈው ስደውል ሁለቱም ብሳናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የጎረቤታችን ሳቅ ከኋላዋ ይሰማል። ከሄደች ወር አልፏታልና፣ ድንበሩ የት ሆኖ ተገኘ ብዬ ጠየቅኋት።

"ገና አላየነውም" አለች። "ምን ያስቸኩላል?"